ሞገድ ሲታፈን፦ ከጎንደር ሬዲዮ እስከ ቤታችን አዛቃ

የዛሬው ታሪክ የሚጀምረው ከእኛ ቤት ነው። የምንኖረው ሬሆቮት፣ ክፋር ማርሞሬክ ነው፤ የየመን አይሁዶች እ.ኤ.አ. በ1930 የመሠረቱት ሰፈር። በቅርቡ ገመድ አልባ አዛቃ አስገባን። ጫኚው በሩ ላይ የለጠፋትን ትንሽ ሴንሰር ሲያሳየን አጎቴ፣ "ይሄ በሬዲዮ ነው የሚሠራው? ታዲያ ሊታፈን ይችላላ!" አለ። ጫኚው ሳቀ።

አጎቴ ግን የሚያውቀው ነገር አለ። በ2010 ጎንደር ሆኖ ወደዚህ ለመምጣት ተራ ይጠብቅ ነበር። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ዝግጅት ይከፍታል። የካቲት ላይ ግን በዜናው ፋንታ ጩኸት መጣ። መጋቢት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጣቢያውን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳሰሉት፤ ባለሙያዎቹ አቅሙ አለን ካሉ እንዲያፍኑት እንደሚያዙም በይፋ ተናገሩ።

የአጎቴን ሬዲዮ ማንም አልነካውም። በዚያው ሞገድ ላይ የበረታ ጩኸት ተለቀቀበት እንጂ። ሠርግ ቤት ሙዚቃው ሲጮህ አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚላችሁ አይሰማችሁም አይደል? እንደዚያ ነው። ሌባም ማፈኛ ከያዘ፣ በሩ ሲከፈት ሴንሰሩ ይናገራል፤ ዋናው ሳጥን ግን አይሰማውም።

መላውም ከዚያው ታሪክ ይገኛል። ጣቢያው በብዙ ሞገድ ይተላለፍ ስለነበር፣ አጎቴ አንዱ ሲታፈን ሌላውን ይፈልግ ነበር። የሆሊውዷ ተዋናይ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል በ1942 ፓተንት ያገኙበት ሐሳብም ይኸው ነው፦ ቶርፔዶ የሚመራበት ሞገድ እንዳይታፈን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዝለል። ዛሬ እንዲህ የሚዘሉ አዛቃዎች አሉ።

ከሁሉም በላይ ግን አጎቴ ጩኸቱን ሲሰማ፣ "ዛሬ እንዳንሰማው የተፈለገ ወሬ አለ" ይል ነበር። ጥሩ አዛቃም እንደዚያ ያስባል። ሴንሰሮቹ በየጊዜው "አለሁ" ይሉታል፤ ድምፃቸው ከጠፋ ወይም ሞገዱ በጩኸት ከተሞላ ያስጠነቅቃል። የእኛን ስናየው ይሄ ማስጠንቀቂያ ተዘግቶ ነበር! ያን ማታውኑ ከፈትነው።

እናንተም ጫኚውን ጠይቁ፦ ሴንሰሩ ከጠፋ በስንት ደቂቃ ያሳውቀናል? ሳጥኑ ከሲም ካርድ ሌላ በገመድ ኢንተርኔት አለው? የዋናው በር ሴንሰርስ በገመድ ይሆናል?

ቤታችሁ ያሉትን ትልልቅ ሰዎችም ጠይቁ። ኋላ ቀር ፍርሃት የመሰለን ነገር፣ አንዳንዴ የኖሩት ነው። በሉ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ።