የሯጭ ዕድሜና የልደት ወረቀት፦ አንድ የታሪክ ጥያቄ



የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ ስምምነት፣ በምልመላው ዓመት 19 ዓመት የማይሞላው ወጣት እንዳይመለመል ወሰነ። የዚያ አገር ክርክር የቁጥሩ ተገቢነት ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ከቁጥሩ በፊት የልደቱ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ይህም ጎልቶ የሚታየው በሩጫ ነው።

ከቦሌ አየር ማረፊያ የሚነሣ ወጣት ሯጭ ሁለት በሮች ይጠብቁታል። የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ከ20 ዓመት በታች መሆንን ይጠይቃል፤ የማራቶን ደንብ በአንጻሩ በውድድሩ ዓመት እስከ ዲሴምበር 31፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ፣ 20 ዓመት መሙላትን። አንዱ በር ዕድሜን ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ይስባል። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይወራል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው ነው።

ኮተቤ አካባቢ ትሠለጥን የነበረች አንዲት ተማሪዬ በትምህርት ማስረጃዋ 19፣ በፓስፖርቷ 23 ዓመቷ ነበር። የጎዳና ሩጫ ግብዣ ሲመጣላት «አስተካከሉልሽ» ተባለች። የወጣቶቹ በር በዚያው ተዘጋባት፤ ገና ያልጠና ሰውነቷ ለ42 ኪሎ ሜትር አስፋልት ተሰጠ። ዕድሜዋን ብጠይቃት፣ «መምህር፣ በየትኛው ልንገርዎ?» አለችኝ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ያው ሕግ ድንጋጌዎቹ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ እንዳይሠራባቸው አገዳቸው። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባለፉት 56 ዓመታት ለብዙዎቻችን ልደት የምስክር ቃልና የእናት ትዝታ ነበር። እናቴ እኔን የወለደችኝ «ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ በጥቅምት» ነው፤ በመታወቂያዬ ላይ ያለውን ቀን የመረጥሁት ራሴ ነኝ። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አለ፦ በ1995 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዓመቱ ሳይቀየር በፈረንጅ ቅጽ ላይ ቢጻፍ፣ በአንድ የብዕር ጭረት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል።

ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ የታዳጊዎችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል፤ ያ ግን ለ17 ዓመት ወሰን የተበጀ ነው፣ ለማራቶኑ በር አይሆንም። ስለዚህ ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ሳይጠየቅ ሯጯን ብቻ መቅጣት ለእኔ ፍትሕ አይመስለኝም። በ2008 ዓ.ም. ተወልደው የተመዘገቡት ሕፃናት 20 ዓመት የሚሞላቸው በ2028 ነው።