በሆሊውድ አንዱን ታሪክ አራት ጊዜ ስለ መሥራት

ሲኒማ የሚወድ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ሆሊውድ አንድ ጊዜ ገንዘብ ያስገባለትን የሳይንስ ልብ ወለድ ታሪክ በቀላሉ አይተወውም፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ተዋንያኑን ለውጦ እንደ ገና ይሠራዋል። ከመካከላችን ብዙዎች ይህን በማየት «ሐሳብ አልቆባቸው ነው» ይላሉ። እኛ ግን ፍርዱ ችኮላ እንዳለበት በአንድ ታሪክ ለማሳየት እንወዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጃክ ፊኒ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በ1954 «አካል ነጣቂዎች» የተሰኘ ልብ ወለድ በመጽሔት በተከታታይ አወጣ። ነገሩ ከሰማይ ስለ መጣ ዘር ነው። ዘሩ እንደ ባቄላ እሸት ያለ፥ ነገር ግን እጅግ ትልቅ የሆነ ፍሬ ያፈራል፤ ሰው በተኛበትም ከፍሬው ውስጥ የዚያው ሰው አምሳያ ይወጣል። በማግሥቱ መልኩም ድምፁም ያው ነው፤ ፍቅርና ኀዘን ግን ከውስጡ ጠፍተዋል።

ዶን ሲግል ይህን በ1956 ፊልም አደረገው። ጊዜው አሜሪካኖች «ጎረቤቴ ኮሙኒስት ይሆን?» እያሉ የሚጠራጠሩበት ስለ ነበረ፥ አንዳንዱ ተመልካች ፊልሙ ኮሙኒስቶችን ያወግዛል ሲል፥ ሌላው የሚነቅፈው ከሳሾቹን ነው አለ። ሲግል ፊልሙን ሊጨርስ ያሰበው ሐኪሙ በአውራ ጎዳና ላይ ለባለ መኪናዎች እየጮኸ ሰሚ ሲያጣ ነበር። የፊልሙ ኩባንያ ግን ተስፋ ያስቆርጣል ብሎ ስለ ፈራ፥ የሚያጽናና መግቢያና መደምደሚያ አስጨመረበት።

ፊሊፕ ካውፍማን በ1978 ታሪኩን ከትንሿ ከተማ አንሥቶ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወሰደው። በእኛ አስተያየት ብልኀቱ ይህ ነው። በትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ ስለሚተዋወቅ የአንዱ መለወጥ ቶሎ ይታያል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት ታላቅ ከተማ ግን ልቡ የጠፋበትን ሰው ማን ይለየዋል? ፍርሃቱ የፖለቲካ መሆኑ ቀርቶ የብቸኝነት ሆነ። በ1956 ሐኪሙን ሆኖ የተጫወተው ኬቪን ማካርቲም በመንገድ ላይ ሲሮጥና ሲጮኽ ይታያል፤ ሲግል ራሱ ደግሞ የታክሲ ነጂ ሆኖ ገብቷል። የሚያጽናና መደምደሚያ በዚህ ጊዜ ማንም አልጨመረም።

በ1993 አቤል ፌራራ ታሪኩን ወደ ጦር ሠፈር አገባው፤ ሁሉ አንድ ልብስ ለብሶ በሚታዘዝበት ቦታ አምሳያውን መለየት ይበልጥ ያስቸግራልና።

አራተኛው በ2007 ወጣ። ኒኮል ኪድማንን የመሰለች ስመ ጥር ተዋናይት ነበረችበት፤ ኩባንያው ግን በዳይሬክተሩ ሥራ ስላልረካ ጽሑፉን በሌሎች አስለውጦ ከፊሉን በሌላ ዳይሬክተር እንደ ገና አስቀረጸ። ፊልሙ መልክ አለው፥ ልብ የለውም፤ ስለ ነፍስ አልባ አምሳያ የተነገረ ታሪክ ራሱ እንዲህ ሆኖ መቅረቱ ያስገርማል። ያወጡበትንም ገንዘብ አልመለሰም።

የ1956ቱን ፊልም የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ1994 ተጠብቀው እንዲቆዩ ከመረጣቸው የአገሪቱ ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ሲግል ያልወደደው መግቢያና መደምደሚያም እስከ ዛሬ አብሮት አለ።