መጨረሻውን እንዳትነግረኝ

በ1980ዎቹ ድሬዳዋ፣ ልጆች ሳለን የህንድ ፊልም የምናይበት ቪዲዮ ቤት ያልተጻፈ ሕግ ነበረው፦ ቀድሞ ያየ አፉን ይዘጋል። «አቦ፣ አክተሩ እኮ...» ብሎ የጀመረ ከአግዳሚው ተጎትቶ ይወጣል።

ሂችኮክም እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ አስከልክሏል፤ ተመልካቹም መጨረሻውን እንዳያወራ ለምኗል። የእኛ ሕግ ግን ሌላም ገጽ ነበረው። የመግቢያ ሳንቲም ላጣ ጓደኛ ፊልሙን ከነመጨረሻው አለመተረክ ስስት ነበር።

እኔም እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ሾሌይ»ን በደረቁ ደቻቱ አሸዋ ላይ ለጓደኛዬ ተረኩለት። ወንድሙን የቀበረ ሰሞን ስለነበር፣ ፊልሙ ላይ የሚሞተውን ሰው አዳንኩት። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ያላያችሁ ትኖራላችሁ።

ከዓመታት በኋላ ፊልሙን ራሱ አይቶት መጣ።

«ወላሂ፣ ዋሽተኸኛል!»

ይቅርታ ልጠይቀው ስል «ተወው፣ ያንተው ይሻላል» አለኝ።

ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ እዚህ ገና ግማሽ ያልደረሰ ታሪክ ሌላ አገር ያለቀ ሊሆን ይችላል። መጨረሻው በስልክ ቀድሞ ይደርሳል። እኔ ግን አሁንም አፌን ከመክፈቴ በፊት የድሬን ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ሊያየው ነው ወይስ ከእኔ ሊሰማው?