የሉዊጂ ግልምጫ፦ የፊት ገጽታ ከጌም ወደ ሚም

ኒንቴንዶ ‹ማሪዮ ካርት 8› የተባለውን የእሽቅድድም ጌም ለዊ ዩ መጫወቻ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 መጨረሻ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ትዕይንት በኢንተርኔት ተዛመተ፤ የማሪዮ ወንድም ሉዊጂ ተቀናቃኙን መትቶ በአጠገቡ ሲያልፍ አንገቱን አዙሮ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይገላምጠዋል። ተጫዋቾች ትዕይንቱን አዘግይተው፣ በሂፕሆፕ አጅበው አሰራጩት፤ «የሉዊጂ የሞት እይታ» የሚል ስምም ወጣለት።

ለምን ተሰራጨ? አስቂኝ ስለሆነ ማለት ጥያቄውን አይመልስም። ሉዊጂ በዚያች ቅጽበት አይጮኽም፣ ጥርሱንም አያፋጭም፤ ቁጣውን የምናነበው ከፊቱ ይልቅ ፊቱ ከገባበት ሁኔታ ነው። የፊልም ጥናት ይህን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ሶቪየታዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የተዋናይ ኢቫን ሞዡኪንን ያንኑ አንድ ፊት ከሾርባና ከሬሳ ሣጥን ምስል ጋር ሲቀጣጥለው፣ ተመልካቹ አንዴ ረኃብ፣ አንዴ ሐዘን ማየቱ ይነገራል። በሉዊጂ ላይ ደግሞ የገዛ ታሪኩ ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ1983 ‹ማሪዮ ብራዘርስ› ውስጥ ሲመጣ የሁለተኛው ተጫዋች ድርሻ ነበረው፤ መልኩ ከወንድሙ የሚለየው በቀለም ነበር። በ2001 በወጣው ‹ሉዊጂስ ማንሽን› መናፍስትን በአቧራ መምጠጫ እየሳበ በፍርሃት ይንቀጠቀጣል። ሦስት ዐሥርት ዓመታት በወንድሙ ጥላ ሥር የኖረ ፈሪ ሲገላምጥ ተመልካቹ የታመቀ ቂም ያያል። ያንኑ እይታ ክፉው ባውዘር ቢያሳይ ልብ የሚለው ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።

በጥናት ብዙም ያልተተኮረበት የሚመስለኝ ግን የካሜራው ጉዳይ ነው። በውድድሩ ጊዜ ተጫዋቹ የሚያየው የሉዊጂን ጀርባ ነው። ግልምጫው እየተከናወነ ተጫዋቹ ራሱ አያየውም! ፊቱ የሚገለጠው ውድድሩ ካበቃ በኋላ ‹ማሪዮ ካርት ቲቪ› የተመረጡ ቅጽበቶችን መልሶ ሲያሳይ ነው። ይኸው መሣሪያ ምስሉን ለማዘግየት ያስችላል፤ በቀጥታ ወደ ዩቲዩብ ለመጫንም ያስችል ነበር። ሌሎቹም አሽከርካሪዎች ወደ ጎን ይዞራሉ፤ በውድድሩ ፍጥነት ሲታይ የዓይን ውርወራ ብቻ ነው። ሲዘገይ ግን ያ ውርወራ ወደ ትኩር እይታ ይለወጣል፤ በሰዎች መካከል ደግሞ ትኩር ብሎ መቆየት ዛቻ ነው። ስለዚህ ስሜቱን የወለደው የጊዜው መለጠጥ ነው እላለሁ።

የዲጂታል ባህል ተመራማሪዋ ሊሞር ሺፍማን ሚምን በብዛት ከሚታይ አንድ ቪዲዮ ትለየዋለች፤ ሚም ሰዎች እርስ በርስ እየተያዩ የሚቀዱትና የሚለዋውጡት የሥራዎች ስብስብ ነው። የሉዊጂ ፊት ይህን ደረጃ ያለፈው እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ግልምጫ ቀርጾ ማቅረብ በመቻሉ ነው።

በ2011 የወጣው ‹ኤል ኤ ኑዋር› የተባለው የወንጀል ምርመራ ጌም ጉዳዩን ከሌላ ጎን ያሳያል። እዚያ የተዋናዮቹ ፊት በ32 ካሜራዎች የተቀረጸው ተጫዋቹ ውሸትን ከገጽታ እንዲለይ ተብሎ ነው። ሚም ሆኖ የወጣው ግን የመርማሪው ኮል ፌልፕስ ፊት «ለመጠራጠር ኤክስን ተጫን» ከሚለው ትእዛዝ ጋር ተጣምሮ ነው፤ ዛሬ ሰዎች ላላመኑት ወሬ ሁሉ መልስ አድርገው ይልኩታል። በ2017 ጌሙ ታድሶ ሲወጣ «ተጠራጠር» የሚለው ምርጫ በሌላ ቃል ተተካ፤ ሚሙ ግን የቀድሞውን ቃል ይዞ ቀጠለ።