ቡራኬ (ቤተ እስራኤል)

ቡራኬ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን እግዚአብሔርን የሚያመሰግኑበት ጸሎት ነው። ቄሶች የሰንበትን ዳቦ የሚባርኩት በግዕዝ ነበር። የረቢዎች የሕግ መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ ስላልደረሳቸው፣ በዓለም ያሉ ሌሎች አይሁድ የሚከተሉትን የቡራኬ ደንብ አያውቁም ነበር።

በዚህ ደንብ ቡራኬ የእግዚአብሔርን ስምና ንግሥናውን መጥራት አለበት። ሰው ቡራኬ ማድረሱን ቢጠራጠር አይደግምም፤ ይህም ስሙ በከንቱ እንዳይጠራ ነው (ዘጸአት 20፡7)። ጠግቦ የበላ ሰው ግን የማዕዱን ምስጋና ማድረሱን ቢጠራጠር ይደግማል፤ ግዴታው ከኦሪት የመጣ ነውና (ዘዳግም 8፡10)።

ብዙዎቹ በሙሴ (እ.ኤ.አ. 1984–1985) እና በሰለሞን (እ.ኤ.አ. 1991) ዘመቻዎች እስራኤል ከገቡ በኋላ፣ ልጆቻቸው በዕብራይስጥ መባረክን ተማሩ፤ ቄሶች ደግሞ የግዕዙን ጸሎት ጠብቀው ቆዩ።