ድርና ማግ በድምፅ ፊት

የድምፅ ማጉያ ታሪክ ሲተረክ ስለ ማግኔቱ፣ ስለ ጥቅል ሽቦውና ስለ ሾጣጣው ወረቀት ብዙ ይባላል። በሳጥኑ ፊት ስለሚወጠረው ጨርቅ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም ጨርቁ ለዓይን ጌጥ፣ ለአቧራ መከላከያ ከመሆን ያለፈ ተግባር ያለው አይመስልም። ይሁንና የተዋናዩ ንግግርም ሆነ የመሰንቆው ዜማ ከአድማጩ ጆሮ የሚደርሰው በዚሁ ጨርቅ ቀዳዳዎች አልፎ ነው። በመሆኑም የድምፅ ማጉያ ሳጥን በገዛ እጁ ለሚሠራ ሰው የጨርቁ ምርጫ ከእንጨቱ ምርጫ የማይተናነስ ቁም ነገር ነው። ጨርቁ ወደ ድምፅ ማጉያው ፊት እንዴት እንደመጣና በየጊዜው ለምን እንደተለወጠ መመርመር ለዚህ ምርጫ ይረዳል።

በመጀመሪያ ጨርቅ አልነበረም። ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም እ.ኤ.አ. በ1915 በካሊፎርኒያ ለሕዝብ ያሰሙት ማግናቮክስ የተባለው ድምፅ ማጉያ ጡሩምባ ነበረው። የሚርገበገበው ክፍል በጡሩምባው ጉሮሮ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚገኝ ሌላ መሸፈኛ አላስፈለገውም። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። በዚያ ዓመት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች፣ ጡሩምባ የሌለውንና ሾጣጣ ወረቀቱ በቀጥታ አየሩን የሚገፋውን ድምፅ ማጉያ በጽሑፍ አሳወቁ። በተከታዩ ዓመት መሣሪያው ራዲዮላ 104 ተብሎ በ250 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ዛሬም ድረስ አብዛኛው ድምፅ ማጉያ የሚሠራው በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ነው።

አዲሱ መሣሪያ ግን ገላውን ያጋለጠ ነበር። ወረቀቱን የሕፃን ጣት ሊበሳው ይችላል። በማግኔቱና በጥቅል ሽቦው መካከል ባለው እጅግ ጠባብ ክፍተት አቧራ ወይም የብረት ብናኝ ከገባ ድምፁ ይሻክራል። ስለዚህ ወረቀቱን የሚጠብቅ፣ ድምፁን ግን የማያግድ መጋረጃ አስፈለገ። ጨርቅ ለዚህ ተመረጠ።

በ1930ዎቹ ራዲዮ የሳሎን ዕቃ ሆነ። ፊልኮን የመሳሰሉ የአሜሪካ ፋብሪካዎች እንደ ካቴድራል መስኮት በተቀረጸ እንጨት ሥር ሐርና ጥልፍ መሳይ ጨርቅ ይወጥሩ ጀመር። ጨርቁ የሚመረጠው ከመጋረጃውና ከወንበሩ ልብስ ጋር እንዲስማማ እንጂ ለድምፅ ታስቦ አልነበረም። ጥቅጥቅ ያለ ሽመና ቀጫጭን ድምፆችን እንደሚውጥ ያስተዋለም ብዙ አልነበረም። የዘመኑ የራዲዮ ሥርጭትም በአመዛኙ በሰከንድ ከ5,000 ዑደት በላይ የሆነውን ድምፅ ስለማያደርስ፣ ጨርቁ የሚሰርቀው ነገር በመጀመሪያውኑ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጉድለቱ የተገለጠው ምንጩ ሲሻሻል ነው። የኤፍ ኤም ሥርጭት ሲስፋፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1948ም ኮሎምቢያ ረጅም ሰዓት የሚጫወተውን ሸክላ ባወጣ ጊዜ፣ የጽናጽልና የቫዮሊን ረቂቅ ድምፆች እስከ ድምፅ ማጉያው ድረስ መጥተው ከወፍራሙ ጨርቅ ጀርባ መቅረታቸው መሰማት ጀመረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጨርቅንም ድምፅንም የሚያውቅ አንድ ሰው ይገኛል። ጊልበርት ብሪግስ በእንግሊዝ አገር የሱፍ ሽመና ማዕከል በነበረችው በብራድፎርድ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ለብዙ ዓመታት የሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት የመጀመሪያውን ድምፅ ማጉያ ሠርቶ ዋርፍዴል የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ የሾጣጣ ወረቀታቸው ጠርዝ ከብረት ክፈፉ ጋር የሚያያዘው በጨርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ስለ ድምፅ ማጉያ የሚያስረዳ መጽሐፍ መሐንዲስ ላልሆነ አንባቢ በሚገባ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ፣ ሳጥን በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ብዙ ሰዎችን አስተምሯል። በጡብ የተሠራ፣ ወይም በሁለት ሳንቃ መካከል አሸዋ የተሞላበት ሳጥን ከሙከራዎቹ መካከል ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 በለንደኑ ሮያል ፌስቲቫል ሆል የሙዚቀኞችን ቀጥተኛ ጨዋታ ከተቀዳው ድምፅ ጋር በሕዝብ ፊት አነጻጽሮ አሰምቷል። ዳኛው የአድማጩ ጆሮ ነበር።

የጨርቁን ጥንካሬ በሚመለከት ግን ትልቁ ለውጥ የመጣው ከኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ የዳው ኬሚካል ቤተ ሙከራ ዕቃ ሲያጥብ የነበረ ራልፍ ዋይሊ የተባለ ወጣት፣ ከብርጭቆ ላይ አልለቅ ያለ ነገር አገኘ። ይህ ነገር በኋላ ሳራን ተባለ። ክሩ ውኃ የማይጠጣ፣ የማይሻግት፣ ቆሻሻው በቀላሉ የሚጠረግ በመሆኑ በመጀመሪያ ለነፍሳት መከላከያ ወንፊትና ለመኪና ወንበር ልብስ ዋለ፤ ቆይቶም ወደ ድምፅ ማጉያ ፊት መጣ። በእንግሊዝ አገር ከዚሁ ዓይነት ክር የተሸመነው ቲጋን የተባለ ጨርቅ የቢቢሲን የማዳመጫ ሣጥኖች አልብሷል። በ1970ዎቹ በተሠራው ኤል ኤስ 3/5ኤ በተባለው ትንሽ ሣጥን ላይ ጨርቁ የመሣሪያው ድምፅ አንድ ክፍል ሆኖ ስለተቆጠረ፣ ሣጥኑ የሚደመጠው ጨርቁ ሳይነሣ ነው። የሳራን ዓይነት ጨርቅ በክፈፍ ላይ ከተወጠረ በኋላ መጠነኛ ሙቅ አየር ቢነፋበት ተኮማትሮ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል፤ ሙቀቱ ከበዛ ግን ይቀልጣል።

ሁለተኛው ክር ፖሊስተር ነው። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1941 ያገኙት ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ፣ ለእንግሊዝ የጨርቅ አታሚዎች ማኅበር ይሠሩ የነበሩ ኬሚስቶች ናቸው። በሹራብ አሠራር የተሠራ ስስ ፖሊስተር ወደየአቅጣጫው ስለሚለጠጥ በክፈፍ ላይ ያለ ሽብሽብ ይቀመጣል፤ እርጥበትም አያረግበውም። አዲስ የሆነ ሁሉ ግን አልበረከተም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ጄ ቢ ኤል ኤል 100 በደማቅ ቀለም በተሠራ ስፖንጅ ተሸፍኖ ዝና አግኝቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ የሣጥኑ እንጨት ደህና ሳለ ስፖንጁ በእርጥበትና በዕድሜ ብዛት እየተፈረፈረ አለቀ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ብርታት የሚመጣው ከጨርቁ ውፍረት ሳይሆን ከክሩ ባሕርይና ከአወጣጠሩ መሆኑ ነው። ጨርቁ ለአፍ ተጠግቶ ሲነፋበት ትንፋሽ ያለ ችግር ማለፍ አለበት። ወደ ብርሃን ሲያዙት በድሩና በማጉ መካከል ብርሃን መታየት ይኖርበታል። ያልተወጠረ ጨርቅ በወፍራም ድምፅ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ክፈፉ ጠንካራ ሆኖ ቀጭን፣ ጠርዙም ድምፅን እንዳይመልስ የተሞረደ፣ ለማጠብም እንዲመች ተነቃይ ቢሆን ይመረጣል።

በኢትዮጵያ ቤቶች ራዲዮንና ቴሌቪዥንን ዳንቴል ማልበስ የታወቀ ልማድ ነበር። የዳንቴል ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ በነጠላው ሲሆን ድምፅን እምብዛም አይጎዳም፤ ተደራርቦ ሲታጠፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስስ ነጠላም ትንፋሽ ያሳልፋል፤ ነገር ግን ጥጥ እርጥበት ስለሚስብ ይረግባል፣ አቧራም ይይዛል። ሌላ ከሌለ በደንብ ተወጥሮ፣ በየጊዜው ታጥቦ ያገለግላል። ስስ ፖሊስተር ከተገኘ ግን ይበልጣል።

ጉዳዩ ከሙዚቃም በላይ ነው። «ሰጠ» እና «ሸጠ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ የ«ሰ» ጉልበት ደግሞ በአመዛኙ በሰከንድ ከ4,000 ዑደት በላይ በሆነው ክልል ይገኛል። ወፍራም ጨርቅ ቀድሞ የሚወስደው ይህንኑ ክልል ነው። በትምህርት ቤት አዳራሽ በኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ፣ ወይም በቴአትር ቤት ዳር የቆመ ተመልካች ቃሉን በግምት እንዲሞላ ይገደዳል። ስለዚህ ጨርቁ ከመቸንከሩ በፊት አንድ ሰው እነዚህን መሰል ቃላት በማይክሮፎን ያንብብ፤ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ከአዳራሹ ጥግ ያድምጥ፤ ሦስተኛው ጨርቁን አንዴ በሣጥኑ ፊት ይዘርጋ፣ አንዴ ያንሣ። አድማጩ ጨርቁ መቼ እንደተዘረጋ መለየት ካቃተው፣ ጨርቁ ሊቸነከር ይችላል።