የትምህርት ቤት ስምና የምስክር ቦታ

አንድ ወጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለመግባት በሚሰናዳበት ጊዜ ዘመድ ወዳጁ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ልትገባ ነው?» ብሎ ነው እንጂ «ምን ልትማር ነው? ከማንስ ልትማር ነው?» ብሎ አይደለም። ይህ ነገር ከዘመናዊ ትምህርት ጋራ የመጣ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ያገራችን የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት በወጣ ጊዜ ሲያወጣ ሲያወርደው የኖረ አሳብ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ዝና ለተማሪው ይጠቅመዋልን? ብሎ ለሚመረምር ሰው የጥንቱ ጉባኤ ቤት ታሪክ ብዙ የሚነግረው አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ ልናስተውለው የሚገባን፣ ዝናው ለያንዳንዱ ትምህርት ተከፍሎ የተሰጠ መሆኑን ነው። ድጓ የሚሻ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ እዚያው ጋይንት ወደ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ የሚያጠና ወደ ሰለልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ፣ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚወድ ወደ ጎንደር፣ ቅኔ የሚፈልግም ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄድ ነበር። ባንድነት ከሁሉ ይበልጣል ተብሎ የተሾመ ትምህርት ቤት አልነበረም። ጎንደር የነገሥታት ከተማ ስለ ሆነች የድጓ ምስክርነት ከቤተ ልሔም ተነሥቶ አልተሰጣትም።

የቤተ ልሔም ነገር ሰፋ አድርጎ መናገርን ይጠይቃል። ድጓ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ነው ተብሎ የሚታመን፣ የዓመቱን በዓላት ዜማ የያዘ ታላቅ መጽሐፍ ነው። ዜማው ለብዙ ዘመን ካፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሮ፣ ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት የተደራጀው በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ይሁን እንጂ ምልክቱን የሚያዜመው ሰው ነውና፣ በተራራና በወንዝ ተከፋፍለው የሚያስተምሩ መምህራን እየዋለ እያደረ በዜማው መለያየታቸው የማይቀር ነው። የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ዜማ ከቤተ ልሔሙ የተለየ መልክ ይዘው እናገኛቸዋለን።

እንግዲህ ተማሪው ወደ ቤተ ልሔም የሚወርደው ድጓን ሀ ብሎ ለመጀመር አይደለም። ባገሩ መምህር ዘንድ ለዓመታት አጥንቶ፣ መጽሐፉንም አብዛኛውን ጊዜ በገዛ እጁ በብራና ጽፎ ሲያበቃ፣ በዚያ ባለው መምህር ፊት ተቀምጦ ያሰማል፤ ቃሉም፣ ምልክቱም፣ ዜማውም ይታረምለታል። ይህም ማስመስከር ይባላል። አስመስክሮ የተመለሰው በድጓ መምህርነት ወንበር ሊዘረጋ ይችላል፤ ያላስመሰከረው ግን ዕውቀቱ ቢበዛም መምህርነቱ በሊቃውንቱ ዘንድ ሙሉ ሆኖ አይቈጠርም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አምጡ የምንባለው የምስክር ወረቀት ስሙ ከዚሁ ቃል ጋራ አንድ ነው። እንደ እኔ አስተያየት የቤተ ልሔም ስም ዋጋ የነበረው በዚህ ነው፤ ስሙ የሚያመለክተው ተማሪው የኖረበትን ቦታ ሳይሆን ያለፈበትን ምርመራ ነበርና።

በዚህ አሠራር የተጎዳ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። መምህሩ ሁሉን የሰጠው፣ እግሩ ግን ጋይንት መድረስ ያልቻለ፣ ወይም እናት አባቱን የሚጦር ሰው ስላጣ ካገሩ ያልተነሣ ተማሪ፣ ዕውቀቱን እንደ ያዘ ያለ ማዕርግ ይቀር ነበር። የሄደውም ቢሆን በእንተ ስማ ለማርያም እያለ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ በቈላው ወባ በደጋው ተስቦ እየጠበቀው ነው። ስንቱ በመንገድ እንደ ቀረ የቈጠረው የለም።

ወደ ቅኔ ቤት ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። በቅኔ የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ ቤት ስም ቢኖርም፣ ስሙ የአገባብና የስልት መለያ ነው እንጂ እንደ ቤተ ልሔም መዝጊያና መክፈቻ አይደለም። ምክንያቱም ግልጥ ነው። የድጓ ተማሪ የተቀበለውን ሳያጎድል መመለስ አለበት፤ ስለዚህ ልክ የሚሆን አንድ መለኪያ ያስፈልገዋል። የቅኔ ተማሪ ግን በየዕለቱ አዲስ ነገር ማቅረብ አለበት። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ቀን ሲቈጥር የዋለውን ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ ቤት ቢጎድለው ወይም ሰሙና ወርቁ ባይገጥም ባልንጀሮቹ ሁሉ እየሰሙ ይወድቅበታል። ሲመረቅም በበዓል ቀን በማሕሌት መካከል ቆሞ ሲቀኝ፣ ከወዴት እንደ ተማረ ከመጠየቁ በፊት ምን እንዳለ ይሰማል።

ስለዚህ በቅኔና በመጻሕፍት ዘንድ ቦታውን ስመ ጥር ያደረገው መምህሩ ሲሆን እናያለን። በጎጃም ጽላሎ የተባለችው ቦታ የምትታወሰው ዓይነ ስውር በነበሩት በእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነው። ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ፣ ሴት በመምህርነት ወንበር መቀመጧ ባልተለመደበት ዘመን፣ ለብዙ ወንዶች ተማሮች አስተማሩ። በወሎም በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገበት ቦሩ ሜዳ፣ ከዚያ በኋላ በትምህርት የታወቀው በመምህር አካለ ወልድ ምክንያት ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስም በአዲስ አበባ በ1943 ዓ.ም. ሲጀመር ሌላ አማራጭ አልነበረምና የምርጫው ነገር ብዙ አላከራከረም። በኋላ ግን ኮሌጆች በየሙያው ተከፈቱ። ከነዚህ መካከል በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ለጥያቄያችን ይጠቅማል። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ባገሩ የሕክምና ፋኩልቲ አልነበረም፤ ኮሌጁም ዶክተር የሚል ማዕርግ አይሰጥም። የሚያወጣቸው የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ነበር። ተማሮቹ ቆላ ድባን በመሰሉ የገጠር ጣቢያዎች ባንድነት እየሠሩ ይሠለጥኑ ነበር። በማዕርጉ ብቻ ለሚመዝን ሰው ኮሌጁ ታናሽ ይመስላል፤ ለጤና መኰንንነት ግን ከደምቢያ አጠገብ የሚሻል ቦታ ከወዴት ይገኝ ነበር?

በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲሰበሰቡ አንድ ስም ብዙ ሙያ ሸፈነ። ያስተዳደሩ ጥቅም አይካድም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ዝና ለየትምህርቱ መከፈሉ ቀረና፣ ባንዱ ክፍል ብርታት ሌላው የሚከበርበት ጊዜ መጣ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ በሆኑበት በዛሬው ጊዜም፣ ምርጫውን በተራ የሚጽፍ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የዩኒቨርሲቲውን ስም ነው። የሚገባበት ክፍል ስንት መምህራን እንዳሉት፣ ቤተ ሙከራው እንደሚሠራ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ታውጇል። ከየትኛውም ተቋም ቢመጣ ተማሪው በሙያው ለሁሉ አንድ በሆነ ጥያቄ ይመዘናል፤ 50 ከመቶ ያላገኘም ዲግሪውን አይቀበልም። ነገሩ የቤተ ልሔምን አሳብ ይመስላል፤ ጋይንት ድረስ በእግር መሄድም የለበትም። ልዩነቱ በእርማቱ ነው። የዛሬው ፈታኝ ኮምፒዩተር ቍጥር ይሰጣል እንጂ ስሕተቱን አያቀናም። የቤተ ልሔም መምህር ግን የሳተውን ዜማ አስደግሞ ያቀና ነበር፤ እርማቱም በተማሪው ብራና ላይ ይቀራል፤ ተማሪውም ያን መጽሐፍ ተሸክሞ ወዳገሩ ይመለሳል።